የማዕበል መጋለቢያ ዕቃ፤ አመራረጡ፣ አጠቃቀሙና አጠባበቁ

በካሊፎርኒያ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንዶቹ ለባሕር በጣም ቅርብ ናቸው። የሳንታ ባርባራው ከውሃው ዳር ተሠርቷል፤ የሳንዲየጎው ከላ ሆያ ገደል በላይ ሆኖ ፓሲፊክን ቁልቁል ያያል፤ የሳንታ ክሩዙም ከኮረብታው ላይ የሞንተሬይን ባሕረ ሰላጤ ይመለከታል። ከዚህ የተነሣ ከትምህርት ክፍል ወጥቶ፣ ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ማዕበል ለመጋለብ የሚወርድ ተማሪ ማየት በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከእኛም መካከል ሰርፊንግ የተባለውን ይህን ጨዋታ የጀመሩ፣ ለመጀመርም የሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች አሉ።

እኛ ግን በአብዛኛው የደጋ ልጆች ነን። አባቶቻችን በቅሎ ለመግዛት ገበያ ሲወጡ ጥርሷን ያያሉ፤ ሰኮናዋን ያነሣሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ኮርቻዋን አስወርደው ጀርባዋን ይዳብሳሉ፤ ገጣባ የሚደበቀው ከኮርቻ ሥር ነውና። ስለ ማዕበል ሰሌዳ ግን እንዲህ ያለ የወረስነው ዕውቀት የለንም። ስለዚህ አንዳንዱ ጓደኛችን ቀለሙ የማረከውን አጭርና ቀጭን ሰሌዳ የወር ቀለቡን ከፍሎ ይገዛል፤ ሦስት ጊዜ ባሕር ገብቶ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆምበት ይቀርና ሰሌዳውን ከአልጋው ሥር ይጥለዋል። ይህ የገንዘብ ጉዳት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዋና በቅጡ ሳይችል፣ «ሰሌዳው ይንሳፈፋል፤ ገመዱም ከእግሬ ታስሯል» ብሎ በዕቃው ተማምኖ ጥልቅ ውሃ የሚገባው ነው። ይህኛው የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጽሑፋችን ዋና ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ዕቃ የሚመረጠው በተጠቃሚው ዐቅምና በሚገባበት ውሃ እንጂ በመልኩ አይደለም፤ እጅግ የተመረጠው ዕቃም ቢሆን የዋናን ችሎታ አይተካም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ዕቃው ከየት መጣ?

ማዕበል መጋለብ የሃዋይና የሌሎች የፓሲፊክ ደሴቶች ሕዝብ የቆየ ጥበብ ነው። ሃዋያውያን ሰሌዳቸውን ኮዋና ዊሊዊሊ ከሚባሉ ዛፎች ይጠርቡ ነበር። አላያ የሚባለው ቀጭኑ ሰሌዳ የብዙው ሰው ሲሆን፣ ኦሎ የሚባለው፣ ርዝመቱ እስከ 5 ሜትር የሚደርሰው ግን የመኳንንቱ ነበር። ይህን ጥበብ ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ዋናው ዱክ ካሃናሞኩ ነው። ይህ ሃዋያዊ በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ በ1914 ወደ አውስትራልያ ሄዶም በሲድኒ አጠገብ በሚገኘው በፍሬሽዋተር ዳርቻ፣ ከጥድ እንጨት ጠርቦ ባዘጋጀው ሰሌዳ ማዕበል ጋልቦ ለሕዝብ አሳየ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን፤ የዚህ ጨዋታ ታላቅ መምህር አስቀድሞ ዋናተኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዕቃው ላይ የተደረገው እያንዳንዱ ማሻሻያ አንድ የታወቀ ችግርን ለማቃለል የመጣ ነው። የጥንቱ ሰሌዳ ከሥሩ ምንም ስላልነበረው ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር፤ አሜሪካዊው ቶም ብሌክ በ1935 ከሰሌዳው ሆድ ሥር፣ በጅራቱ በኩል ክንፍ ቢተክልበት መሥመሩን መያዝ ጀመረ። እንጨቱ ከባድ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሆቢ አልተርና ጎርደን ክላርክ በካሊፎርኒያ ፖሊዩረቴን ከሚባል ፎም የተሠራ፣ በፋይበር ግላስና በሬዚን የተለበጠ ቀላል ሰሌዳ ለገበያ አቀረቡ። ውሃው ይበርድ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነር ኒዮፕሪን ከሚባል ጎማ የመዋኛ ልብስ ሠራ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ሱቅ የከፈተው ጃክ ኦኒልም ይህን ዓይነቱን ልብስ በማዕበል ጋላቢዎች ዘንድ አስፋፋው።

ሰሌዳ ከእጅ ሲያመልጥ ደግሞ ባለቤቱ እስከ ዳርቻው ድረስ ዋኝቶ መከተል ነበረበት፤ በመንገዱ ላይ ያለ ሰውም ይመታ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጃክ ኦኒል ልጅ ፓት ሰሌዳን ከጋላቢው ጋር የሚያያይዝ ገመድ አወጣ። የመጀመሪያው ገመድ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ስለ ነበር የራቀውን ሰሌዳ አስፈንጥሮ ይመልሰው ነበር፤ ጃክ ኦኒል ራሱ በዚህ ምክንያት የግራ ዓይኑን አጣ። ለደኅንነት የተፈጠረ ዕቃ አያያዙና አሠራሩ ካልታወቀ ራሱ አደጋ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

2ኛ፤ ከዕቃው በፊት

ገና ምንም ሳይገዛ ጀማሪው ራሱን ይፈትን። በዩኒቨርሲቲው የመዋኛ ገንዳ 200 ሜትር ሳያርፍ መዋኘት፣ ያለ ድጋፍ 10 ደቂቃ በጥልቅ ውሃ መቆየት፣ ጭንቅላቱ በውሃ ሲሸፈን ሳይደናገጥ ትንፋሹን መያዝ ይችላልን? ይህን የማይችል ሰው ገንዘቡን ሰሌዳ ላይ ሳይሆን የዋና ትምህርት ላይ ያውለው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ የዋና ትምህርት ይሰጣሉ፤ እኛ ባሕር ካልነበረበት አገር የመጣን ብንሆን የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ገመድ ሊበጠስ፣ የቁርጭምጭሚቱ ማሰሪያም ሊፈታ ይችላል። ሰሌዳ በማዕበል ተገፍቶ ሲሄድ በእግሩ ቆሞ የሚጠብቅ መሬት የሌለው ሰው የሚመለሰው በክንዱ ብቻ ነው። ይህን ነገር አስቀድመን የምንጽፈው አንባቢን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ከሱቅ የማይገዛው ዕቃ ይህ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

3ኛ፤ ሰሌዳ እንዴት ይመረጣል?

ጀማሪ የሚያስፈልገው ረጅም፣ ሰፊ፣ ወፍራምና ላዩ ለስላሳ የሆነ ሰሌዳ ነው። ምክንያቱን በትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስረዳት ይቻላል።

ማዕበል የሚሰበረው በግምት የውሃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት 1.3 እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ 1 ሜትር የሚሆን ማዕበል ጥልቀቱ 1.3 ሜትር ገደማ በሆነ ውሃ ላይ ይሰበራል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ደግሞ የማዕበልን ፍጥነት ለማግኘት የመሬት ስበትን 9.8 በጥልቀቱ አባዝቶ ዳግም ዘሩን መውሰድ ነው። 9.8 በ1.3 ሲባዛ 12.74 ይሆናል፤ ዳግም ዘሩም 3.6 ገደማ ነው። ይኸውም ማዕበሉ በሴኮንድ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል ማለት ነው። በሰሌዳ ላይ በደረቱ ተኝቶ በእጁ የሚቀዝፍ ጀማሪ ግን በሴኮንድ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህን ልዩነት የሚሞላው የማዕበሉ ቁልቁለት ነው። ረጅምና ሰፊ ሰሌዳ ገና ማዕበሉ ሳይሾል፣ በትንሹ ቁልቁለት መንሸራተት ይጀምራል። አጭሩ ሰሌዳ ግን ማዕበሉ ገደል እስኪሆን ድረስ አይነሣም፤ በዚያን ጊዜ ለመቆም ያለው ፋታ ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም። የለመደ ሰው ይችለዋል፤ ጀማሪ አይችለውም።

ሁለተኛው ነገር ይዘት ነው። አርኪሜዲስ እንዳስተማረው፣ 1 ሊትር ውሃ የገፋ አካል በ1 ኪሎ ግራም ገደማ ወደ ላይ ይደገፋል። በሱቅ ያሉ ሰሌዳዎች በብዙው የሊትር ይዘታቸው ተጽፎባቸዋል። ለጀማሪ የሊትሩ ቁጥር ከሰውነቱ የኪሎ ክብደት ማነስ የለበትም፤ በሩብ ያህል ቢበልጥ ደግሞ የተሻለ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ እንግዲህ 80 ሊትር የሚሆን ይፈልግ።

ሊትሩ ካልተጻፈ በግምት ማስላት ይቻላል። ርዝመቱ 8 ጫማ፣ ማለትም 244 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 57፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ እንውሰድ። ሦስቱ ሲባዙ 111 ሊትር ይሆናሉ፤ ነገር ግን ሰሌዳው ሣጥን ስላልሆነ፣ ጫፉም ስለሚቀጥን፣ ከዚህ ሦስት አራተኛውን ብንወስድ 83 ሊትር ገደማ እናገኛለን። አሁን ደግሞ ጀማሪውን የሚያማልለውን ባለ 6 ጫማ ሰሌዳ እንይ፤ 183 በ48 በ6 ሲባዛ 53 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ዓይነቱ ሰሌዳ ጠርዙም ጫፉም የቀጠነ ስለሆነ ግማሹን ብቻ እንቁጠር፤ 26 ሊትር ተኩል ነው። 65 ኪሎ የሚመዝነው ጀማሪ በዚህ ላይ ቢተኛ እስከ ደረቱ ይሰጥማል፤ ሲቀዝፍም ውሃውን እየገፋ እንጂ እየተንሸራተተ አይሄድም። ሰሌዳው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሰሌዳ ስለሆነ ነው። ለሕፃን ሰጋር በቅሎ እንጂ የጦር ፈረስ አይሰጡትም።

ሦስተኛው ነገር የላዩ ልብስ ነው። በፋይበር ግላስ የተለበጠ ሰሌዳ ደረቅ ነው፤ ጭንቅላት ቢመታ ይፈነክታል። ላዩ በለስላሳ ፎም የተሸፈነው ሰሌዳ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሰሌዳ «የልጆች መጫወቻ» ብሎ ይንቀዋል፤ እኛ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ የተሻለ የለም እንላለን።

የመጨረሻው ምክራችን ከመግዛት በፊት መከራየት ነው። አንድን ባለ 8 ጫማና አንድን ባለ 9 ጫማ ሰሌዳ በተለያየ ቀን ተከራይቶ የሞከረ ሰው ከሻጩ ቃል ይልቅ የራሱን ሰውነት ይሰማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

4ኛ፤ አሮጌ ሰሌዳ ሲገዛ

የተማሪ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው ለአሮጌ ዕቃ ነው። አሮጌ መግዛት አይከፋም፤ ግን ኮርቻው ይውረድ። የሰሌዳ ኮርቻ ሰሙ ነው። እግር እንዳያንሸራትት በላዩ የሚቀባው ሰም ስንጥቅንና ስብራትን ይሸፍናል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅዶ ሰሙን በፕላስቲክ ካርድ ፍቆ ማየት ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ይታዩ፤

(ሀ) ላዩን በአውራ ጣት መጫን፤ ቆዳው ከፎሙ ተለያይቶ እንደ ፊኛ የሚሰምጥና የሚመለስ ቦታ ካለ ሰሌዳው መግዛት አይገባውም።

(ለ) ወርዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚሄድ መሥመር ካለ ሰሌዳው አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተጠገነ ሊሆን ስለሚችል አጥብቆ መጠየቅ።

(ሐ) በክንፎቹ ሥርና ገመዱ በሚታሰርበት ጉድጓድ ዙሪያ ስንጥቅ መፈለግ፤ ኀይል የሚበዛው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

(መ) ሰሌዳውን አንሥቶ መመዘን፤ ከመጠኑ ይልቅ የከበደ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው።

የፀሐይ ብዛት ያመጣው ቢጫ መልክ ብቻውን ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳል።

5ኛ፤ ክንፍ፣ ገመድ፣ ሰምና ልብስ

ክንፍ፦ በዛሬው ጊዜ እጅግ የተስፋፋው አውስትራልያዊው ሳይመን አንደርሰን በ1980 ያወጣው የሦስት ክንፍ አሠራር ነው። ለጀማሪ አንድም ሆነ ሦስት ክንፍ ያገለግላል፤ ቁም ነገሩ ክንፉ ከጠርዙ የማይቆርጥ፣ ቢቻል ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ መሆኑ ነው።

ገመድ፦ ርዝመቱ ከሰሌዳው ርዝመት ጋር የተስተካከለ ይሁን። አጭር ከሆነ ሰሌዳው ተመልሶ ባለቤቱን ይመታል፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ከእግርና ከድንጋይ ጋር ይጠላለፋል። የሚታሰረው በኋለኛው እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ ግራ እግሩን አስቀድሞ የሚቆም ሰው በቀኙ ያስር። በየጊዜው ገመዱን በእጅ እየሳቡ ጭረትና ቁርጠት እንዳለበት ማየት ያስፈልጋል፤ የተጫረ ገመድ የሚበጠሰው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ሰም፦ የሰርፍ ሰም የሚሸጠው እንደ ውሃው ሙቀት በደረጃ ነው። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራው ለስላሳ ስለሆነ በሞቀ ውሃ ላይ ይቀልጣል፤ ለሞቃት ውሃ የተሠራው ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ያንሸራትታል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን ማንበብ ይበቃል። ሰሙ የሚቀባው ሰው በሚተኛበትና በሚቆምበት በላይኛው ፊት እንጂ በሆዱ በኩል አይደለም።

ልብስ፦ ካሊፎርኒያ ሲባል ሞቃት አገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ባሕሩ ግን ከሰሜን በሚወርድ ቀዝቃዛ ጅረት የሚታጠብ ነው። በሳንዲየጎ ውሃው በበጋ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ በክረምት ወደ 14 ይወርዳል። በሳንታ ክሩዝ ደግሞ ከዚህም ይቀዘቅዛል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል፤ ስለዚህ ልብሱ የቅንጦት አይደለም። የበረደው ሰው ክንዱ ይደክማል፤ ክንዱ የደከመ ሰው ወደ ዳር መመለስ ያቅተዋል።

የጎማው ልብስ ውሃ አያስገባም ማለት አይደለም። ጥቂት ውሃ ገብቶ በሰውነት ሙቀት ይሞቃል፤ በጎማው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችም ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይከለክላሉ። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ግን የሞቀው ውሃ እየወጣ ቀዝቃዛው ስለሚተካ ጥቅም የለውም። እንግዲህ ሲለኩት በወገብና በጀርባ ክፍተት የሌለው፣ ትንፋሽንም የማያሳጥር መሆን አለበት። በልብሱ ላይ «3/2» ተብሎ ቢጻፍ በደረት በኩል 3 ሚሊ ሜትር፣ በእጅና በእግር በኩል 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው ማለት ነው። ለሳንዲየጎና ለሎስ አንጀለስ ይህ ለአብዛኛው ወራት ይበቃል፤ ለሳንታ ክሩዝ ግን 4/3 ያስፈልጋል።

6ኛ፤ በባሕር ላይ አጠቃቀም

ሰሌዳው መሬት ሳለ ዕቃ ነው፤ ማዕበል ሲገፋው ግን እንደ ተወረወረ ግንድ ነው። የ8 ጫማ ሰሌዳ ከ8 ጫማ ገመድ ጋር ሲደመር፣ ባለቤቱ ሰሌዳውን በለቀቀ ጊዜ ከጀርባው ወደ 5 ሜትር የሚደርስ ስፍራ የአደጋ ቀጠና ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ማዕበል ሲመጣ ሰሌዳን ጥሎ መጥለቅ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ቢሆንም፣ ከኋላ ሰው እንደሌለ ሳያዩ ማድረግ አይገባም።

ከመግባት በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ዳር ተቀምጦ ባሕሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ማዕበል በተከታታይ እየሆነ ይመጣል፤ ጥቂት ትልልቆች ተከታትለው ካለፉ በኋላ ጸጥታ ይሆናል። በግራና በቀኝ ማዕበል እየተሰበረ በመካከል ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ ውሃ ካለ ለመግባት የሚመች በር ይመስላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ያ ቦታ ወደ ዳር የመጣው ውሃ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ጅረት ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የተባለው ይህን የመሰለው ነው። በዚህ ጅረት የተያዘ ሰው ፊት ለፊት ከውሃው ጋር አይታገል፤ ሰሌዳውን ሳይለቅ በዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ይቅዘፍ፤ ከጅረቱ ሲወጣም ማዕበሉ በሚሰበርበት በኩል ወደ መሬት ይመለስ።

ሲገቡ ሰሌዳውን በራስና በማዕበሉ መካከል አግድም መያዝ አይገባም፤ ማዕበሉ ሰሌዳውን ጥርስና ደረት ላይ ይመታል። ሰሌዳው በጎን ይያዝ፤ አፍንጫውም ወደ ባሕሩ ይዙር። በሚወድቁበት ጊዜ በጭንቅላት መወርወር ክልክል ነው፤ 1 ሜትሩ ማዕበል በሚሰበርበት ቦታ ያለው ውሃ 1.3 ሜትር ብቻ መሆኑን አይተናል። በጀርባ ወይም በጎን ጠፍጣፋ ሆኖ መውደቅ፣ ሲወጡም ሁለቱን ክንዶች በጭንቅላት ላይ አድርጎ መውጣት ይገባል።

ማዕበሉ ከሚሰበርበት ነጥብ አጠገብ ያለው ጋላቢ ቅድሚያ አለው፤ በፊቱ መግባት ነውርም አደጋም ነው። ቢጫ ሆኖ መካከሉ ጥቁር ክብ ያለበት ባንዲራ ሲሰቀል በዚያ ስፍራ በሰሌዳ መግባት ክልክል መሆኑን ያመለክታል። በአሸዋማው ዳርቻ ሲሄዱም እግርን ሳያነሡ አሸዋውን እየፋቁ መራመድ ይበጃል፤ በአሸዋ ውስጥ የሚደበቀው፣ በጅራቱ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ በዚህ ድምፅ ይሸሻል።

ወደ ባሕሩ ከሚዘልቁ ድልድዮችና ምሰሶዎች መራቅ ከሁሉ የከበደ ሕግ ነው። እዚህ ላይ የኒክ ጋባልዶንን ስም ማንሣት ይገባናል። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ማዕበል ጋላቢዎች አንዱ ነበር፤ እንደ እኛም ተማሪ ሆኖ በሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ተምሯል። ጥቁሮች በሚዋኙበት በሳንታ ሞኒካው የቤይ ስትሪት ዳርቻ ጨዋታውን ለመደ፤ ወደ ማሊቡ ለመድረስም ሰሌዳው ላይ ተኝቶ ወደ 19 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ባሕር በእጁ እየቀዘፈ የሄደበት ጊዜ አለ። በ1951 በማሊቡ ትልቅ ማዕበል ሲጋልብ ከድልድዩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ በ24 ዓመቱ ሞተ። እንዲህ ያለ ብርቱ ክንድ የነበረው ሰው በምሰሶ ከሞተ፣ ለጀማሪ ከምሰሶው መራቅ ስንት እጥፍ ሊያስፈልገው ነው!

ለመጀመሪያው ጊዜ ሳን ኦኖፍሬን፣ ላ ሆያ ሾርስንና የሳንታ ክሩዙን ካውልስ የመሳሰሉት፣ ማዕበላቸው ዝግ ብሎ የሚመጣው ዳርቻዎች የተሻሉ ናቸው።

7ኛ፤ አጠባበቅ

የዕቃ ጠላቶች ጨው፣ ፀሐይና መታሸት ናቸው። የጣና ዓሣ አጥማጅ ከደንገል የተሠራ ታንኳውን ሥራውን ሲጨርስ ከውሃ አውጥቶ ያቆመዋል፤ ደንገሉ የጠጣው ውሃ ካልወጣለት ታንኳው እየከበደ ይበሰብሳልና። የእኛም ሥርዓት ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ የእኛ ዕቃ የሚደርቀው በጥላ መሆኑ ነው።

ከባሕር እንደ ተወጣ ሰሌዳው፣ ገመዱና ልብሱ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። ሰሌዳን በፀሐይ በቆመና በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው እጅግ ጎጂ ነው፤ በሙቀቱ ፎሙ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ቆዳውን ከፎሙ ይለያል። በመኝታ ክፍል ውስጥ በጎኑ ወይም ሰፋ ባሉ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፤ በክንፉ ላይ አይቁም፤ ከማሞቂያም ይራቅ። ገመዱን በሰሌዳው ላይ አጥብቆ መጠምጠም ገመዱን ያጣምመዋል፤ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ። በመኪና ጣራ ላይ ሲጫን ክንፉ ወደ ላይና ወደ ፊት ሆኖ፣ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ተነጥፎለት ይታሰር፤ ከመጠን በላይ መጥበቅ ግን ጠርዙን ይሰብራል።

ልብሱ በመጀመሪያ ተገልብጦ ውስጡ ይድረቅ፤ ቀጥሎ ውጪው። በቀጭን የሽቦ መስቀያ በትከሻው አይሰቀል፤ እርጥብ ልብስ ከባድ ስለሆነ ትከሻው ይለጠጣል። በወፍራም ዘንግ ላይ ከወገቡ ታጥፎ ይሰቀል። የልብስ ማድረቂያ መኪና፣ የፈላ ውሃና የቀትር ፀሐይ ጎማውን ያደርቁታል፤ ይሰነጥቁታልም።

ስለ ስብራት ደግሞ እንዲህ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ተረት ለሰሌዳ ጥገና ግማሹ ብቻ ይሠራል፤ በቅርቡ መጠገን አለበት፤ በእርጥቡ ግን በፍጹም አይሆንም። ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ የታየበት ሰሌዳ ከባሕር ይውጣ፤ ለጊዜው በቴፕ መሸፈን ይቻላል፤ ግን ከመጠገኑ በፊት ለብዙ ቀናት በጥላ ይድረቅ። እርጥበት ላይ የፈሰሰ ሬዚን አይይዝም፤ ቢይዝም ውሃውን ከውስጥ ያሽገዋል። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ሬዚን መቀባት ነው።

እዚህ ላይ የፎሙን ዓይነት ማወቅ ግድ ነው። የፖሊዩረቴን ፎም በፖሊስተር ሬዚን ይጠገናል። ፖሊስቲሪን ከሚባለው ነጭ ፍሬ ፍሬ ፎም የተሠራው ሰሌዳ ግን የሚጠገነው በኢፖክሲ ብቻ ነው፤ ፖሊስተር ሬዚን ይህን ፎም ስለሚያቀልጠው ትንሹን ቀዳዳ ጉድጓድ ያደርገዋል። የሰሌዳው ዓይነት ያልታወቀ እንደሆነ ኢፖክሲ ሁለቱንም አይጎዳም። ሥራው በውጭ፣ አየር በሚገባበት ስፍራ፣ አፍንጫን ሸፍኖና ጓንት አጥልቆ ይሠራ እንጂ በመኝታ ክፍል ውስጥ አይደረግ።

8ኛ፤ በኅብረት ስለ መግዛት

አንድ ተማሪ ብቻውን ሰሌዳ፣ ገመድና ልብስ ለመግዛት ሊቸገር ይችላል። እቁብ መጣል ግን ለማናችንም አዲስ ነገር አይደለም። ክብደታቸው የሚቀራረብ አራት ወይም አምስት ጓደኞች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ፣ አንድ የ8 ወይም የ9 ጫማ ለስላሳ ሰሌዳ ከነገመዱ ሊገዙ ይችላሉ። ልብስ ግን ለሰውነት የሚለካ ስለሆነ እያንዳንዱ ለራሱ ቢገዛ ወይም ቢከራይ ይሻላል። ከመካከላቸው አንዱ የዕቃ ዘብ ሆኖ ይመረጥ፤ ሰሌዳውን የተጠቀመ ሁሉ አጥቦና መርምሮ ያስረክበው፤ ጭረት ቢገኝ ማን አደረገው ሳይባል ከጋራው ገንዘብ ወዲያው ይጠገን።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም በገንዘቡ አይደለም። ሰሌዳው አንድ ከሆነ፣ ሁለት ጓደኛሞች ወደ ባሕር ሲወርዱ አንዱ ሲጋልብ ሌላው ከዳር ቆሞ ያየዋል፤ ሲደክመው ይጠራዋል፤ ጅረት ሲወስደው አይቶ የነፍስ አድን ሠራተኞችን ይጣራል። በሱቅ የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ የያዘ ግን ብቻውን የገባ ሰው ይህ የለውም። ስለዚህ ማንም ጓደኛችን ብቻውን ባሕር እንዳይገባ አደራ እንላለን።